የሸንቁጤ አጥር

ደብረ ብርሃን ነው። የባንኩ ሥልጠና።
ብርዱም እንደ እኛው ተመዝግቦ ገባ፣ በሩ ተከፈተና።
አሠልጣኙ ጻፈ፣ በነጩ ሰሌዳ፣
“ሄጅ ፈንድ” የሚል ቃል፣ የባሕር ማዶ እንግዳ።
“ሄጅ አጥር ማለት ነው” አለና አብራራ፤
“ባለጠጎች ብቻ አዋጥተው በጋራ
ለአንድ ብልህ ይሰጣሉ፤ እሱም በነሱ ብር
ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ኪሳራ እንዳይገባ እያጠረ አጥር።”

ጓደኞቼ ጻፉ። እኔ ብዕሬን ጣልሁት፤
ይህን ትምህርት እኔ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ደነባ ነው የተማርሁት።

ከምስር ተራው ጀርባ፣ ቆርቆሮ መጋዘን፣
ጋሽ ሸንቁጤ ነበር፣ በአንድ ጆሮው ሬዲዮ፣ በአንድ ዓይኑ ሚዛን፤
እኔ ደብተር ያዡ።
“ማንም አያዋጣም፣ መቶ ሺህ የሌለው፤
ድሃ ካዋጣማ ሲከስር ያለቅሳል፣ ለቅሶውን ማን ቻለው?”

ማሙሸት ሰጠው፣ የሁለት አይሱዙ ጌታ፤
ግዛቸው ሰጠው፣ ባለ ወፍጮ ቤቱ፣ እስከ ዓመት ላይነካው ተማምሎ በጌታ።
ውሉን እኔ ጻፍሁት፦
“ለጥበቃዬ ዋጋ ከመቶው ሁለቱ የኔ ነው፣ ዝናብ ጠፋም መጣ፤
ካተረፍሁላችሁ፣ ከትርፉ አምስተኛው የኔ ነው ሲወጣ፤
ከከሰርሁ ደግሞ…” አለና ዝም አለ። ሚዛኑን ጠረገ።
እኔም ሦስት ነጥብ ጻፍሁ፤ ዝምታው አንቀጽ ሆኖ ውሉ ተደረገ።

መስከረም ላይ ምስር ዋጋው ሰማይ ነካ።
ሰው ሁሉ ሊገዛ ሲጋፋ፣ ሸንቁጤ ሌላ መንገድ ለካ፦
ወደ ይፍቱሥራ ሄደ፣ ጎተራዋ ሥር፤
“አበድሪኝ” አላት “ሠላሳ ኩንታል ምስር፤
ጥር ላይ መላሽ ነኝ፣ ያንኑ ሠላሳ፣
አንድ ኩንታል ደግሞ ለውለታሽ ካሳ።”
እሷም፣ ተኝቶ ከሚነቅዝ ወጥቶ ይመለስ ብላ፣
ቆጥራ አስረከበችው፣ በየጆንያው ጆሮ ቀይ ክር አንጠልጥላ።

በዚያው ቀን ሸጠው።
“የሰው አይደለም ወይ?” ብለው፣ “ልጄ” አለኝ “ሰው ሁሉ ሲወጣ ይገዛል፤
እኔ ከላይ ሸጬ ከታች እጠብቃለሁ፤ አዝመራ ሲገባ ምስር ይረክሳል፤
ያን ጊዜ ገዝቼ እመልስላታለሁ፤
ዋጋ ሲወድቅ እኔ፣ ከወደቀበቱ ቦታ እነሣለሁ።”
“ባይወድቅስ?”
“አጥር አለኝ!
ባቄላ ገዝቻለሁ፤ ምስር ሽቅብ ቢሄድ፣ ባቄላም ተከትሎ ወጥቶ ሊክሰኝ፤
አንዱ ቢጥለኝ አንዱ ሊያነሣኝ።”
ብቻ ያን ባቄላ በአራጣ ነው የገዛው፤
አጥሩም የብድር ነው። ከኔ ደብተር በቀር ማን አውቆ ሊያግዘው?

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ሌሊቱን፣ ውርጭ ወረደ።
ጥቁሩ አፈር ነጣ፤ የምስሩ አበባ እሳት ሳይነካው ነደደ።
ምስር ወጣ፣ ወጣ፤ ከመንዝ በኩል ደግሞ
የባቄላ መኪና በላይ በላይ መጣ፣ ከወትሮው አስቀድሞ።
ምስር እየሸሸው፣ ባቄላ እየጣለው፣
አጥሩ ባንዴ ፈረሰ፤ ሬዲዮው ሲያወራ መልስ እንኳ የለው።

ጥር ላይ ይፍቱሥራ አህዮቿን ነድታ መጣች፤
“ሠላሳ አንድ” ብቻ አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ደጁ ላይ ተቀመጠች።
ደነባ ምስር የለም፣ እነዋሪ የለም፤
አንድ መጋዘን ግን ሞልቷል፤ ዋጋው ሰው ፊት አይነገርም።
ሄድን ከጋሼ ጋር። በሩ ተከፈተ።
ቀይ ክሩን አየሁት። ነገሩ ሸተተ።
ማሙሸት ነበረ፣ ያን ዕለት በሰው እጅ ገዝቶ የደበቀ፤
ዛሬ በሦስት እጥፍ ለገዛ አጣሪው ሸጠ፤ አልሳቀም፣ አልተሳቀቀ።
የማሙሸት ብር ወጥቶ ማሙሸት ኪስ ገባ፤
የግዛቸው ብርም እንደ ሚዜ አጅቦ አብሮ ሄዶ ቀረ፣ ከነካባ።
ይፍቱሥራ ጫነች፦ ያው ጆንያ፣ ያው ክር፣ በላዩ አንድ ጭማሪ፤
አህዮቿን “ሂዱ!” አለች፤ እንደ ወጣ ገባ፣ ያለ ተከራካሪ።

በዓመቱ ግዛቸው “የት አለ አጥሩ?” ቢለው፣
ጋሼ ከተረፈው ከመቶ ሁለቱን ቆጥሮ ወደ ኪሱ እየከተተው፣
“አጥሩማ አለ” አለው።

“ጥያቄ?” ይላል አሠልጣኙ። እጄን አነሣሁ፤
“አጥሩ ሲታጠር ማን ነው ከውስጥ ያለው?” ብዬ አነሣሁ።
ዝም አለ። ሰሌዳውን ጠረገ።
እኔም በደብተሬ ሦስት ነጥብ አደረግሁ።